አንድ ለቅሶ በሦስት ፍጥነት

ሐዘን በሰዓት ይለካል ወይ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ቢመጣ፣ አብዛኞቻችን «ይሄ ደግሞ ምን ዓይነት ጥያቄ ነው?» ብለን ማለፋችን አይቀርም። ሐዘን በእንባ ይለካ ይሆናል፤ በዝምታም ይለካ ይሆናል፤ ከቀብር መልስ ድንኳን ውስጥ በሚያመሸው ሰው ብዛትም ይለካ ይሆናል። በሰዓት ግን አይለካም። ሙዚቃ ውስጥ ሲገባ ነው ነገሩ የሚለወጠው። እዚያ ሐዘንም በደቂቃና በሰከንድ ይለካል፤ ልዩነቱም ያስደንቃል።

ጀርመናዊው ዮሐን ሴባስቲያን ባኽ የደረሰው «የማቴዎስ ሕማማት» የሚባል ትልቅ መንፈሳዊ ሥራ አለ። የዚህን ሥራ የመክፈቻ መዝሙር ኦቶ ክሌምፐረር የተባለው የኦርኬስትራ መሪ በ1960 እና በ1961 ለንደን ውስጥ ባስቀረጸው ቅጂ ላይ ብንሰማው፣ 12 ደቂቃ ሊሞላ ጥቂት ሰከንዶች ብቻ ይቀሩታል። እንግሊዛዊው ጆን ኤልየት ጋርዲነር በ1988 ያስቀረጸው ደግሞ 7 ደቂቃ ገደማ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዓመተ ምሕረት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይያዝልኝ።) ሙሉ ሥራውን ካየን፣ ክሌምፐረር ጋ ከ3 ሰዓት ተኩል በላይ ይፈጃል፤ ጋርዲነር ጋ 2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ገደማ። ያው ኖታ ነው። ያው ግጥም ነው። አንድ ድምፅ አልተዘለለም፤ አንድም አልተጨመረም። ታዲያ በመክፈቻው መዝሙር ላይ ብቻ 5 ደቂቃ የት ገባ?

ይህ የሙዚቀኞች ጉዳይ ብቻ የሚመስለው ሰው ይኖራል። አይደለም። «ቅዱስ ነገር ዝግ ያለ ነው» የሚል እምነት በብዙዎቻችን ውስጥ አለ። ቀስ ያለውን እንደ ጥልቅ፣ ፈጠን ያለውን እንደ ቀላል እናያለን። ያ እምነት ከየት እንደመጣ፣ ማን እንደወረሰውና ማን እንደተጣላው ለማየት የዚህን ሥራ ታሪክ ያህል ጥሩ ማስረጃ አይገኝም።

ከመጀመሪያው እንጀምር። ባኽ ከ1723 ጀምሮ በላይፕዚግ ከተማ የቶማስ ቤተ ክርስቲያን የመዘምራን አለቃ ነበር። «የማቴዎስ ሕማማት» ለመጀመሪያ ጊዜ የተዘመረው፣ ዛሬ ብዙዎቹ ተመራማሪዎች እንደሚስማሙበት፣ ሚያዝያ 11 ቀን 1727 ነው፤ ቀኑም ስቅለት ነበር። የኮንሰርት ምሽት አልነበረም። ትኬት የለም፤ ጭብጨባ የለም። የከሰዓት በኋላ ጸሎት ነው። ሥራው ለሁለት የተከፈለውም መሐል ላይ ረጅም ስብከት ስለሚገባ ነው። የሚዘምሩት ከቤተ ክርስቲያኑ ትምህርት ቤት የመጡ ልጆችና ወጣቶች ናቸው፤ ሴት አልነበረችበትም። የተዘመረው ቃል ከማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 26 እና 27 ሲሆን፣ በመሐሉ ፒካንደር በሚል የብዕር ስም የሚታወቀው ገጣሚ የጻፋቸው ግጥሞችና ሕዝቡ በልቡ የሚያውቃቸው የሉተራውያን መዝሙሮች ገብተዋል።

የመክፈቻው መዝሙር አሠራር ለኛ አገር ሰው ሩቅ አይደለም። የዘማሪው ክፍል ለሁለት ተከፍሎ ግራና ቀኝ ይቆማል። የመጀመሪያው ክፍል የጽዮንን ሴቶች ልጆች ይጠራል፤ ኑና አብራችሁኝ አልቅሱ ይላል። ሁለተኛው ይጠይቃል፤ ማንን? እንዴት አድርጎ? ወዴት እንይ? እያለ በአጭር በአጭሩ ያቋርጠዋል። ሙሾ አውጪና ተቀባይ በሉት። ልዩነቱ እዚህ ተቀባዩ የተባለውን አይደግምም፤ ለማን እንደሚለቀስ ገና አልገባውምና ይጠይቃል። ከሁለቱም በላይ ሦስተኛ የልጆች ድምፅ ይመጣል። እነሱ ስለ ንጹሑ በግ የሚናገረውን የታወቀ መዝሙር፣ ከታች የሚሆነውን ለቅሶ ያልሰሙ ይመስል፣ ረጋ ብለው ከላይ ያወርዱታል።

ባኽ ይህን ሥራ በ1736 እንደገና በጥንቃቄ ገልብጦ ጽፎታል። ያ የእጅ ጽሑፍ ዛሬም በርሊን ውስጥ አለ። የወንጌሉን ቃል በቀይ ቀለም ነው የጻፈው። የብራና መጽሐፍ ያየ ኢትዮጵያዊ ቀይ ቀለም ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልገውም። እንዲህ የተጠነቀቀ ሰው፣ የመክፈቻውን መዝሙር በምን ፍጥነት መዘመር እንዳለበት አንዲት ቃል አልጻፈም። በሥራው ሙሉ የፍጥነት ምልክት የሚገኝበት ቦታ በጣም ጥቂት ነው።

ረስቶት አይደለም። በዚያን ዘመን ፍጥነትን በቁጥር መጻፍ የሚባል ነገር አልነበረም። ሙዚቀኞች የሚያውቁት ሜትሮኖም የተባለው የምት መቁጠሪያ በሜልዘል ስም የተመዘገበው በ1815 ነው፤ ባኽ ከሞተ 65 ዓመት በኋላ። በባኽ ጊዜ ሙዚቀኛው ፍጥነቱን የሚያውቀው ከሦስት ነገሮች ነበር። አንደኛው ምቱ የታሰረበት ቁጥር ነው። ሁለተኛው ዜማው የሚመስለው የጭፈራ ዓይነት ነው። ሦስተኛው የግጥሙ ቃል ነው።

ችግሩም እዚህ ላይ ይጀምራል። የመክፈቻው መዝሙር ምቶች በ12 በ12 የታሰሩ ናቸው። 12ቱን ምት አንድ በአንድ የሚቆጥር ሰው ከባድ እርምጃ ይሰማዋል፤ አስከሬን ተሸክሞ ዳገት የሚወጣ ሕዝብ ይታየዋል። 12ቱን በሦስት በሦስት አቧድኖ 4 ብቻ የሚቆጥር ሰው ግን ሌላ ነገር ይሰማዋል። ዜማው ይወዛወዛል፤ ማዕበል እንደሚያንገላታው ጀልባ፣ ወይም ሐዘን ላይ ደረት እየመታ ወዲያና ወዲህ እንደሚል ሰው። ኖታው ሁለቱንም ይፈቅዳል። የተጻፈው አንድ ነው፤ የሚታየው ሁለት ነው።

አንድ ምስክር ግን አለን። ባኽ ከሞተ በኋላ ልጁ ካርል ፊሊፕ ኢማኑኤልና ተማሪው አግሪኮላ የሕይወት ታሪኩን ጽፈው በ1754 ታትሟል። እዚያ ውስጥ ባኽ ሙዚቃ ሲመራ በጣም ጥንቁቅ እንደነበረና ፍጥነቱንም ብዙውን ጊዜ ሞቅ አድርጎ ይይዘው እንደነበረ ይናገራሉ። አንድ ዓረፍተ ነገር ናት። ቁጥር የላትም። ነገር ግን አብረውት የኖሩ ሰዎች ቃል ናትና ዋጋዋ ትንሽ አይደለም።

ከፍጥነቱ ሌላ የድምፁ ጉዳይ አለ። የመክፈቻው መዝሙር የተጻፈው ኢ ማይነር በሚባለው ኪይ ነው። ከባኽ ጋር በአንድ ዘመን የኖረው ዮሐን ማተዞን በ1713 ባሳተመው መጽሐፍ እያንዳንዱ ኪይ የራሱ ጠባይ እንዳለው ጽፏል። ኢ ማይነርን በጥልቅ የሚያስብ፣ የተጨነቀና ያዘነ፣ ግን መጽናናትን ተስፋ ያልቆረጠ ይለዋል። በዚህ ኪይ ፈጣን ዜማ ሊሠራ እንደሚችል፣ ፈጣን ስለሆነ ብቻ ግን ደስተኛ እንደማይሆን ያክልበታል። ይህችን ነጥብ ያዙልኝ። ፍጥነትና ደስታ አንድ አለመሆናቸውን የባኽ ዘመን ሰዎች አሳምረው ያውቁ ነበር። ከላይ የሚመጣው የልጆቹ መዝሙር ደግሞ የብርሃን ኪይ በሆነው በጂ ሜጀር ነው የሚሄደው። ሁለቱ ኪዮች የሚጠቀሙባቸው ድምፆች አንድ ናቸው፤ መሠረታቸው ግን ይለያያል። ባኽ ተስፋውንና ለቅሶውን ከአንድ ማሳ ነው ያጨዳቸው ማለት ነው።

ታዲያ ዛሬ በሲዲ የምንሰማው ኢ ማይነር ባኽ የሰማው ኢ ማይነር ነው? እዚህ ላይ ክራር ያየ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። ክራር ትዝታ ሲቃኝ፣ ቅኝቱ ትዝታ መሆኑ እንጂ የመጀመሪያው ክር ስንት ላይ ይቆም የሚል ሕግ የለም። ድምፀ ወፍራሙ ዝቅ አድርጎ፣ ድምፀ ቀጭኑ ከፍ አድርጎ ይቃኛል። ሁለቱም ትዝታ ነው። የድሮ አውሮፓም እንደዚያው ነበር፤ ከተማ ከከተማ፣ እንዲያውም ኦርጋን ከቫዮሊን ይለያይ ነበር። በላይፕዚግ ኦርጋኑ ከሌሎቹ መሣሪያዎች አንድ ሙሉ ድምፅ ያህል ከፍ ብሎ የተቃኘ ስለነበር፣ የኦርጋኑ ኖታ ለብቻው ዝቅ ተደርጎ ይጻፍ ነበር።

ዛሬ ኦርኬስትራዎች የሚቃኙበት «ኤ» የተባለው ድምፅ በሰከንድ 440 ጊዜ የሚርገበገበው ነው። በዚህ ቁጥር ላይ ዓለም አቀፍ ስምምነት የተደረሰው ለንደን ላይ በግንቦት 1939 በተደረገ ጉባኤ ነው። የባሮክን ዘመን ሙዚቃ በጥንቱ መሣሪያ የሚጫወቱ ቡድኖች ግን 415 ላይ ይቃኛሉ። ግማሽ ድምፅ ያህል ዝቅ ይላል። በጆሮ ሲሰማ ኢ ማይነር የተባለው ወደ ኢ ፍላት ማይነር ይወርዳል። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል። ለዘማሪው ግን ትንሽ አይደለም። ከፍ ያለውን ድምፅ ለመድረስ የሚጨነቀው ጉሮሮ ዘና ይላል፤ ክሩ ይላላል፤ ድምፁ ይጠቁራል። የመዝሙሩ ጠባይ ከጩኸት ወደ ንግግር ይጠጋል።

አሁን ወደ ዝግታው ምንጭ እንምጣ። ባኽ በ1750 ከሞተ በኋላ ይህ ሥራ ቀስ በቀስ ከሰው ጆሮ ጠፋ። የመለሰው ፊሊክስ ሜንደልሶን ነው። አያቱ የእጅ ቅጂውን አሠርታ ሰጥታው ነበር። መጋቢት 11 ቀን 1829 በርሊን ውስጥ ሲያቀርበው ገና 20 ዓመቱ ነው። ዘማሪዎቹ ከ150 በላይ ነበሩ። ባኽ በ1730 ለከተማው ምክር ቤት በጻፈው ማመልከቻ ለአንድ የመዘምራን ክፍል ቢያንስ 12፣ ቢቻል 16 ሰው ይኑረኝ ብሎ ነበር የለመነው። አሁን ሥራው ከቤተ ክርስቲያን ወጥቶ አዳራሽ ገባ። ስብከቱ ቀረ። በርከት ያሉ ክፍሎች ተቆረጡ። ሕዝቡም ምእመን መሆኑ ቀርቶ ተመልካች ሆነ።

ተመልካች ለሆነ ሕዝብ ቅድስናን በምን ታሳየዋለህ? ጸሎቱ የለም፤ መስቀሉ የለም፤ ስብከቱ የለም። የቀረው ድምፁ ብቻ ነው። ስለዚህ ድምፁ ራሱ ካቴድራል እንዲሆን ተፈለገ። መቶና ሁለት መቶ ሰው በአንድ ላይ ሲዘምር ደግሞ እንኳን ሊፈጥን፣ ቃሉን አንድ ላይ ማውጣቱም ይከብደዋል። የአዳራሹ ማስተጋባት ይጨመርበታል። እንዲህ እንዲህ እያለ በ19ኛው መቶ ዘመን ውስጥ ዝግታና ቅድስና ተጋቡ። ልጆቻቸውም እስከ 20ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ድረስ አውሮፓን ሞሉት።

ከነዚያ ልጆች ታላቁ በአምስተርዳም የተቀረጸ ነው። ቪለም መንገልበርግ የኮንሰርትገባው ኦርኬስትራን ከ1895 ጀምሮ የመራ ሰው ነው። ከ1899 አንሥቶ በየዓመቱ በሆሳዕና ቀን «የማቴዎስ ሕማማትን» ማቅረብ ልማድ አደረገው። ለአምስተርዳም ሰው ያ ቀን እንደ ዓመት በዓል ነበር። ሚያዝያ 2 ቀን 1939፣ ሆሳዕና፣ ዝግጅቱ በቀጥታ በሬዲዮ ሲተላለፍ ፊሊፕስ ኩባንያ በሠራው አዲስ መሣሪያ በፊልም ጥቅል ላይ ተቀረጸ። በዚህም ዛሬ ድረስ ሊሰማ ቻለ።

የመንገልበርግ ሐዘን አንድ ፍጥነት የለውም። ይለጠጣል፣ ይሰበሰባል፣ ቃል መጨረሻ ላይ ሲደርስ ሊቆም ምንም አይቀረው። ብዙ ክፍሎች ተቆርጠዋል፤ የቀሩት ግን እያንዳንዳቸው እስከ ጥጋቸው ይጨመቃሉ። ጴጥሮስ ሦስት ጊዜ ክዶ፣ ዶሮ ጮኾ፣ ወጥቶ ምርር ብሎ ካለቀሰ በኋላ የሚመጣ የምሕረት ልመና አለ። በቢ ማይነር የተጻፈ ነው። ቫዮሊን ይጀምረዋል፤ ወፍራም ድምፅ ያላት ሴት ትቀበለዋለች። በዚህ ቅጂ ላይ አዳራሹ ውስጥ የሚያለቅስ ሰው እንደሚሰማ ብዙ አድማጮች ጽፈዋል። ሰው እያለቀሰ የተቀረጸ ሙዚቃ በዓለም ላይ ብዙ የለም።

ነገሩን ከባድ የሚያደርገው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ከ5 ወር በኋላ ጦርነቱ ተጀመረ። በግንቦት 1940 ጀርመን ሆላንድን ወረረች። በ1941 አይሁዳውያን ሙዚቀኞች ከዚያው ኦርኬስትራ ተባረሩ። ጦርነቱ ሲያልቅ ከአገሪቱ አይሁዳውያን ሦስት አራተኛ ያህሉ፣ ከ100,000 የሚበልጥ ሰው፣ ተገድሏል። አብዛኞቹ የአምስተርዳም ሰዎች ነበሩ። መንገልበርግ ለጥቂት ሙዚቀኞቹ አማልዷል ይባላል፤ ነገር ግን በወረራው ዘመን ሥራውን አላቋረጠም፤ ጀርመን ድረስ እየሄደ ይመራ ነበር። በ1945 ከወራሪው ጋር ተባብሯል ተብሎ በአገሩ ሙዚቃ እንዳይመራ ታገደ። ዕገዳው በኋላ ወደ 6 ዓመት ተቀነሰለት፤ ሊያበቃ ሲል፣ በመጋቢት 1951፣ ስዊዘርላንድ ውስጥ ሞተ።

ያንን ሆሳዕና ያለቀሱትን ሰዎች ለመክሰስ አይደለም ይህን ማንሣቴ። ማን ምን እንዳደረገ አንድ በአንድ አናውቅም፤ ከመሐላቸው በኋላ የተሠዉ፣ ጎረቤታቸውን የደበቁ ይኖራሉ። ጥያቄው ሙዚቃውን የሚመለከት ነው። እንዲህ የተለጠጠ፣ እንዲህ ያማረ ሐዘን ሰውን ምን ያደርገዋል? አልቅሶ ልቡ የቀለለው ሰው ተግባሩን የፈጸመ አይመስለውም ወይ?

ባኽ ይህን ፈተና የሚያውቅ ይመስላል። ከሥራው ውስጥ አንዲት ትንሽ ቦታ ላሳያችሁ። ኢየሱስ ከመካከላችሁ አንዱ ያሳልፈኛል ሲል፣ ደቀ መዛሙርቱ እኔ እሆን? ብለው በየተራ ይጠይቃሉ። ባኽ ይህን ጥያቄ 11 ጊዜ ያስብለዋል። 12 አይደለም፤ አንዱ ዝም ብሏል። ጥያቄው እንዳለቀ ወንጌሉ መልሱን ከመስጠቱ በፊት፣ ምእመናኑ ሁሉ የሚያውቁት መዝሙር ይገባና በነሱ ስም ይመልሳል፤ ጥፋተኛው እኔ ነኝ ይላል። ይህ ቦታ ኃይሉ ያለው በፍጥነቱ ላይ ነው። ጥያቄውና መልሱ ሳይለያዩ ከተከታተሉ፣ አድማጩ ሳያስበው ተይዟል፤ ጣቱን ወደ ሌላ ሊቀስር ሲል ራሱ ላይ ያገኘዋል። መሐሉ ላይ ረጅም ዝምታ ከገባ፣ መዝሙሩም ከተጎተተ፣ ያማረ ጸሎት ይሆናል። ያማረ ጸሎት ደግሞ ከዳር ተቁሞ ሊሰማ ይችላል።

ክሌምፐረር ከመንገልበርግ በተቃራኒ መንገድ የመጣ ሰው ነው። በ1885 ብሬስላው ከተማ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደ። በወጣትነቱ ካቶሊክ ሆነ። ሂትለር ሥልጣን ሲይዝ በ1933 ጀርመንን ጥሎ ወጣ። በ1939፣ መንገልበርግ ያንን ሆሳዕና በመራበት ዓመት፣ የአንጎል ዕጢ ተወግዶለት ግማሽ አካሉ ሽባ ሆኖ ቀረ። ኋላም ወድቆ ዳሌው ተሰብሯል፤ አልጋው ላይ ፒፓ ሲያጨስ እሳት ተነሥቶ ክፉኛ ተቃጥሏል። ለንደን ላይ «የማቴዎስ ሕማማትን» ሲያስቀርጽ 75 ዓመቱ ነበር፤ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነው የሚመራው። ቅጂው ሲወጣ 5 ሸክላ ሞላ።

ዝግታው ከአካሉ የመጣ ነው የሚሉ አሉ። እንዲህ በቀላሉ የሚያልቅ አይመስለኝም። መንገልበርግ ጋ ሐዘኑ እንደ ሰም ይቀልጣል፤ ክሌምፐረር ጋ እንደ ጥቁር ድንጋይ ይቆማል። ፍጥነቱን አንዴ ከያዘ አያፋጥንም፤ ለማስለቀስ ብሎም አያዘገይም። 12ቱ ምቶች እኩል እኩል ይወርዳሉ። አገሩን፣ ጤናውን፣ ብዙ ወዳጆቹን ያጣ ሰው ነው። ያንን የመክፈቻ መዝሙር ሲሰሙት፣ ሐዘን የሚያልፍ ስሜት ሳይሆን ሰው የሚኖርበት ቤት መሆኑን የሚነግር ይመስላል። በ1967 ወደ አባቶቹ ሃይማኖት ወደ አይሁድነት ተመለሰ፤ በ1973 ዐረፈ። ዝግታ ሁሉ አንድ አይደለም ማለት ነው። የአንዱ ዝግታ እንባ ይጠራል፤ የሌላው ዝግታ እንባን ይከለክላል።

ሦስተኛው ሰው ኒኮላውስ አርኖንኩር ነው። በ1929 የተወለደ፣ በልጅነቱ የናዚን ዘመን ያየ ትውልድ ነው። የቪየና ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ቼሎ ተጫዋች ሆኖ ከ1952 እስከ 1969 ሠርቷል። የቆዩት መሪዎች የቆየውን ባኽ ሲያቀርቡ ከኋላ ተቀምጦ የተጫወተ ሰው ነው። በ1953 ከባለቤቱና ከጓደኞቹ ጋር የራሱን ቡድን አቋቋመ። ከየቦታው የጥንት መሣሪያ ሰበሰቡ፤ ከአንጀት የተሠራ ክር፣ አጭርና ቀላል ደጋን፣ ከእንጨት የተሠራ ዋሽንት። በ1970 «የማቴዎስ ሕማማትን» በነዚህ መሣሪያዎች ሙሉውን አስቀረጸ። ዘማሪዎቹ በሙሉ ወንዶችና ልጆች ናቸው፤ የሴቱንም ድምፅ ልጆች ዘመሩት።

ያኔ የሰሙት ብዙዎች ደነገጡ። ሐዘኑ ወዴት ሄደ አሉ። የአርኖንኩር መልስ በኋላ በ1982 ባሳተመው መጽሐፍ ርእስ ውስጥ አለ፤ የባሮክ ሙዚቃ ንግግር ነው ይላል። ንግግር ደግሞ ይፈጥናል፣ ይቆማል፣ ቃል ይመዝናል፣ ነገር ያነሣል። ሰው እያዘነ ሲናገር ቃሉን አይጎትትም፤ አንዳንዴ እንዲያውም ይጣደፋል። በዚህ ፍጥነት የመክፈቻው መዝሙር ላይ የሁለተኛው ወገን ጥያቄ በእርግጥ ጥያቄ ሆኖ ይሰማል። ማን? የት? ሲል የሚያቋርጥ ሰው ይሰማችኋል። በዝግታው ውስጥ ግን ጥያቄው የሕንፃው ጌጥ ሆኖ ይቀር ነበር።

ታሪክ አንዳንዴ ቀልድ ታውቃለች። አርኖንኩር በ1975 የመንገልበርግን ኦርኬስትራ ኮንሰርትገባውን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲመራ፣ ያቀረበው የባኽን «የዮሐንስ ሕማማት» ነበር። በ1985 ደግሞ ከዚያው ኦርኬስትራ ጋር «የማቴዎስ ሕማማትን» አስቀረጸ። የጥንት መሣሪያ አልነበራቸውም። የሚያውቁትን ዘመናዊ መሣሪያ ይዘው አዲሱን አነጋገር ተማሩ። ለአርባ ዓመት ያህል በመንገልበርግ እንባ ትዝታ ሲኖር የቆየው ተቋም ለቅሶውን እንደገና መማር ነበረበት።

እንግዲህ ፈጣኑ ትክክል፣ ዝግተኛው ስሕተት ነው ብለን እንዝጋው? አይሆንም። ፈጣኑም የራሱ ዘመን ልጅ ነው። ከጦርነቱ በኋላ ያደገው ትውልድ አባቶቹ የተመሙበትን ትልቅ ሰልፍ፣ ትልቅ አዳራሽ፣ ትልቅ ድምፅ ጠልቶ ነበር። ባኽን ሲያጥበው ያንንም ማጠቡ ነው። «ጥንታዊ» የተባለው 415 ራሱ የስምምነት ቁጥር ነው። የባኽ ዘመን ቃናዎች ብዙ ነበሩ፤ 415 የተመረጠው ከዘመናዊው 440 ልክ ግማሽ ድምፅ ዝቅ ስለሚልና ለሥራ ስለሚያመች ጭምር ነው። የዘማሪውም ቁጥር ገና አልተቋጨም። አሜሪካዊው ጆሹዋ ሪፍኪን በ1981 ባኽ ለእያንዳንዱ ድምፅ አንድ ሰው ብቻ ነበር የሚያሰልፍ ብሎ ያስነሣው ክርክር እስከ ዛሬ አልበረደም። ሁላችንም ባኽን ፍለጋ ስንሄድ መጀመሪያ የምናገኘው ራሳችንን ነው።

ጥፋተኛ መፈለግ ካለብን፣ ቅጂ የሚባለው ነገር ትንሽ ጥፋት አለበት። ከሸክላ በፊት ይህ ሥራ በየዓመቱ በሌላ ጉሮሮ፣ በሌላ ፍጥነት ይዘመር ነበር። አንዱ ዓመት ሌላውን አይገዛም። ሸክላው ሲመጣ አንዱ ቀን ቆሞ ቀረ። ወላጆቹ ቤት የክሌምፐረርን ሸክላ ሲሰማ ያደገ ልጅ ባኽ ማለት ያ ነው ብሎ ያድጋል፤ የጋርዲነርን ሲዲ ሲሰማ ያደገም እንደዚያው። ከዚያ አንዱ ሌላውን «ሥራውን አበላሸው» ይለዋል። የለመድነውን ፍጥነት የእግዚአብሔር ፍጥነት አድርገን የመያዝ ጠባይ በሙዚቃ ብቻ የሚያበቃ አይደለም።

ሥራው የሚያልቀው በሲ ማይነር ነው። መቃብሩ ተከድኖ፣ ሁለቱም የዘማሪ ክፍሎች ተቀምጠው የሚያለቅሱበት፣ ሕፃን እንደማስተኛት ያለ የሚያባብል ዜማ ነው። ትንሣኤ የለበትም። በላይፕዚግ ሕዝቡ ከዚያ በኋላ ጸሎቱን ጨርሶ ወደየቤቱ ይሄድ ነበር፤ ትንሣኤው እሑድ ይመጣላ! የኮንሰርትና የሲዲ አድማጭ ግን እሑድ የለውም። ከለቅሶው በኋላ ምን እንደሚያደርግ የሚወስነው ራሱ ነው።

ስለዚህ ጊዜ ያለው ሰው አንድ ምሽት ሁለቱን የመክፈቻ መዝሙሮች አከታትሎ ይስማቸው፤ መጀመሪያ የክሌምፐረርን፣ ቀጥሎ የጋርዲነርን። ሁለቱ ተደምረው 19 ደቂቃ ገደማ ናቸው። የትኛው ያምራል የሚለውን ለጊዜው ይተወው። ማንን? እያለ የሚጠይቀውን ሁለተኛውን ወገን ብቻ በጆሮው ይከተልና፣ በየትኛው ፍጥነት ላይ ጥያቄው ለእሱ እንደቀረበለት ያስተውል።